ለነፍስ አድን ሮቦት በአማርኛ ማዘዝ ይቻላል? ምክር ፈልጌ ነው

ሐምራዊ ሽቦ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁም። የኤሌክትሪካል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ለመመረቂያ ፕሮጀክታችን በሰንሰለት የምትሄድ ትንሽ ሮቦት እየሰራን ነው። ሕንፃ ሲደረመስ ወይም እሳት ሲነሳ ሰው ከመግባቱ በፊት ቀድማ እንድትገባ ነው የታሰበችው። ካሜራ አላት፣ ሊዳር (በሌዘር ርቀት የሚለካ መሳሪያ) አላት፣ ማይክና ስፒከርም ገጥመንላታል። አካሏ ከሞላ ጎደል አልቋል። የቀረን ከሰው ጋር የምትግባባበት መንገድ ነው።

ለምን ይሄን እንደመረጥኩ ልንገራችሁ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ገዜ ጎፋ ላይ የደረሰውን ታስታውሳላችሁ። የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት የሮጡትን ሰዎች ነው ሁለተኛው ናዳ የወሰዳቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ሲቆፈር የነበረው በአካፋና በባዶ እጅ ነው። ከዚያ በፊት መጋቢት 2009 ቆሼ ላይ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞቷል። ሁለቱም ቦታ ቀድሞ የደረሰው ጎረቤት ነው። ስለዚህ ነገ ሮቦት ቢኖረን እንኳ የሚያዛት ሰው ሥልጠና የወሰደ ላይሆን ይችላል። ጆይስቲክ ነክቶ የማያውቅ ሰው «ወደ ደረጃው ሂጂ፣ ከበሩ ኋላ ሰው ካለ ንገሪኝ» ብሎ ሊያዛት መቻል አለበት ብዬ ነው የማስበው።

አሁን ያለንበት ይሄ ነው። ድምፁን ወደ ጽሑፍ እንቀይራለን፣ ጽሑፉን ኢንተርኔት ላይ ላለ ትልቅ የቋንቋ ሞዴል እንልካለን፣ ሞዴሉ ለሞተሮቹ ትእዛዝ ይመልሳል። ላብ ውስጥ ጸጥ ሲል ይሰራል። አማካሪያችን ግን አይተው «ይሄ ከላብ አይወጣም፣ ለምን እንደማይወጣ ራሳችሁ ድረሱበት» አሉን።

ምኑ ላይ ነው ችግሩ? የእሳት አደጋ ሰራተኛ በእውነት ሮቦት ማናገር ይፈልጋል ወይስ እኛ ብቻ ነን ያማረን? አማርኛውስ ለዚህ ዓይነት ስራ ደርሷል? በዘርፉ ያላችሁ እባካችሁ ሳትቆጥቡ ንገሩኝ።

ደረቅ ወንዝ (ጀርመን)

እህቴ፣ አይዞሽ። አማካሪሽ ልክ ናቸው፣ ሐሳባችሁም ጥሩ ነው። እዚህ የመስክ ሮቦቶች ላይ ነው የምሰራው፣ የማውቀውን ልንገርሽ።

ኢንተርኔቱን ዛሬውኑ አውጪው። አደጋ ቦታ ላይ መጀመሪያ የሚጠፋው ኔትወርክ ነው። ኔትወርኩ ባይጠፋ እንኳ ኮንክሪቱ ያፍነዋል። ፉኩሺማን እይ። በ2011 (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ ነው) ኩዊንስ የምትባል የጃፓን ሮቦት ሬአክተር ሕንፃው ውስጥ ስትገባ ገመድ እየጎተተች ነበር፣ ምክንያቱም ሬዲዮ ያን ግድግዳ አያልፍም። ጥቅምት ላይ ሁለተኛው ሬአክተር ሕንፃ ውስጥ ገመዱ ተበጠሰና እዚያው ቀረች። ከዚያ በኋላ ዳርፓ (የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ተቋም) በ2015 ካሊፎርኒያ ፖሞና ላይ ባደረገው የሮቦቶች ውድድር ሆን ብሎ ግንኙነቱን ያቆራርጥ ነበር፤ መቆራረጡ እስከ 30 ሰከንድ ይደርሳል። አሸናፊው የደቡብ ኮሪያው ካይስት ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነበር። እናንተ ደግሞ እያንዳንዷን ዓረፍተ ነገር ባሕር ማዶ ልካችሁ መልስ ትጠብቃላችሁ። ድምፅ መለየቱም ትርጉም ማውጣቱም ሮቦቷ ላይ ወይም ኦፕሬተሩ እጅ ያለው ላፕቶፕ ላይ ይሁን። ትንሽ ሞዴል ይበቃል። ጀትሰን በምትባለው ትንሽ የሮቦት ኮምፒውተር ላይ የሚሄድ ነገር ፈልጉ።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ቋንቋውን ከሞተሩ አርቁት። ሰው በድምፅ ሮቦት ሲነዳ አይተሽ ታውቂያለሽ? «ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ፣ ትንሽ፣ አይ በዛ፣ መለስ በይ፣ እዚያ ጋ፣ አይ እዚያ»። ለዚህ ጆይስቲክ በብዙ እጥፍ ይሻላል፣ ፈጣንም ነው። ንግግር ጥቅሙ የሚታየው ዓላማ ስትነግሪያት ነው። «ሁለተኛ ፎቅ ያሉትን ክፍሎች በሙሉ እዪ፣ ሰው ካገኘሽ ቆመሽ ጥሪኝ» ስትያት አንቺ ሌላ ስራ መስራት ትችያለሽ። ይሄ ግን ሮቦቷ ራሷን ችላ መሄድ እንድትችል ይጠይቃል፣ ካርታ እየሳለች፣ እንቅፋት እየዞረች፣ የመጣችበትን እያስታወሰች። መስከረም 2021 ኬንተኪ ሉዊቪል ውስጥ፣ ከመሬት በታች በተካሄደው ሌላ የዳርፓ የሮቦቶች ውድድር ፍጻሜ ላይ ለአንድ ቡድን የተፈቀደው ሮቦቶቹን የሚቆጣጠር ሰው አንድ ብቻ ነበር። አንዱ ሰው ብዙ ሮቦት መምራት የቻለው ሮቦቶቹ ዋሻውን ራሳቸው ስለሚያስሱ ነው። እሱ የሚወስነው የት ይሂዱ የሚለውን ነው። የእናንተ አማርኛ የሚገባው እዚያ ደረጃ ላይ ነው፣ ከዚያ በታች እንዳይወርድ።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። አውሮፓ ውስጥ ኒፍቲ፣ ቀጥሎም ትራደር የሚባሉ ፕሮጀክቶች ነበሩ። ዓላማቸው ሰውና ሮቦት ነፍስ አድን ስራ ላይ ተግባብተው እንዲሰሩ ነው፣ የንግግር ተመራማሪዎችም ነበሩባቸው። ነሐሴ 2016 ጣሊያን አማትሪቼ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ የጣሊያን እሳት አደጋ ጠራቸው። ሮቦቶቹ በተሰነጣጠቁ ሁለት ቤተ ክርስቲያናት ውስጥ ገብተው ለ3ዲ ሞዴል የሚሆን ምስል ሰበሰቡ። በምድር የሚሄዱትን ሮቦቶች ግን ሰው ነበር ከርቀት የሚነዳቸው። ይሄን የምነግርሽ ተስፋ እንድትቆርጪ አይደለም። ጆይስቲኩን እንዳትጥሉት ነው። ሁለቱም ጎን ለጎን ይኑሩ፣ ሰውዬው በፈለገ ሰዓት ከንግግር ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ንግግር ይሻገር።

ሌላው «ቁሚ»። ይሄ ቃል በቋንቋ ሞዴል ውስጥ ፈጽሞ እንዳያልፍ። ለብቻው የሚያዳምጥ ትንሽ ፕሮግራም ይኑረው፣ በዚያ ላይ ኦፕሬተሩ እጅ ላይ ቀይ ቁልፍ ይኑር። ግንኙነት ሲቋረጥ ምን እንደምታደርግም አስቀድማችሁ ወስኑ። የእኔ ምርጫ ቆማ ትንሽ ትጠብቅ፣ ካልተመለሰ ኔትወርክ ወደነበረበት የመጨረሻ ቦታ በራሷ ትመለስ ነው።

የሌሊት ፈረቃ (አዲስ አበባ)

ልጄ፣ እኔ ኮምፒውተር አላውቅም። እሳት አደጋ ላይ ግን ብዙ ዓመት ሰርቻለሁ፣ «ይፈልጋሉ ወይ» ላልሽው እኔ ልመልስልሽ።

እንፈልጋለን። ግን እዚያ ቦታ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። ሰራተኛው የመተንፈሻ ጭንብል አድርጓል። ድምፁ ከጆንያ ውስጥ እንደሚወጣ ነው፣ በየዓረፍተ ነገሩ መሃል የቫልቩ ትንፋሽ አለ። ከጎኑ የመኪናው ፓምፕ ያጓራል። ቆርቆሮ የሚቆርጥ አለ። ሕዝቡ ይጮሃል፣ ንብረቱ የሚነድበት ያለቅሳል፣ ሌላው ውሃ ወዲህ አምጡ ይላል። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ መርካቶ ሸማ ተራ የተነሳውን ያየ ሰው ምን ለማለት እንደፈለግኩ ይገባዋል፣ መተላለፊያው ጠባብ፣ ሱቁ የተደራረበ፣ ሰዉ የተጠቀጠቀ። እዚያ መሃል ሮቦቷ ላይ ያለው ማይክ ምንም አይሰማልሽም። ማይኩ ጭንብሉ ውስጥ ወይም አንገት ላይ ይሁን፣ በሬዲዮ ይምጣ። ሬዲዮ ደግሞ ቁልፍ ተጭነሽ ነው የምታወሪው፣ ስለዚህ ሮቦቷ ለእሷ የተነገረው መቼ ጀምሮ መቼ እንዳለቀ ታውቃለች።

በሬዲዮ ሕግ አለን። የታዘዘ ሰው የታዘዘውን ደግሞ ይናገራል። «ሦስተኛ ፎቅ፣ ከኋላ በኩል፣ ግባ» ሲባል «ሦስተኛ ፎቅ፣ ከኋላ በኩል፣ እገባለሁ» ይላል። ሮቦቷም እንዲሁ ታድርግ። ደግማ ሳትናገር አትነሳ። ንግግሯ ደግሞ አጭር ይሁን። መስመሩ አንድ ነው፣ እሷ ስታወራ እኔ ወንድሜን መጥራት አልችልም።

ግራና ቀኝ የሚባለውን ነገር ተዉት። ያንቺ ግራ ነው ወይስ የእሷ? ጭስ ውስጥ ዞር ዞር ካልን በኋላ እኛም ግራችን ይጠፋናል። የአሜሪካ እሳት አደጋዎች የሕንፃውን ጎኖች ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ብለው ይጠራሉ፤ ኤ መንገዱን የሚያየው ፊት ለፊት ነው፣ ከዚያ በሰዓት አቅጣጫ እየዞሩ ይቆጥራሉ። እኛም አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብንል ያው ነው። ሮቦቷ ስትገባ አንድ የቱ እንደሆነ ይነገራት፣ ከዚያ በኋላ ማንም የትም ቆሞ ቢያዛት አትሳሳትም።

እኔ ከእሷ የምፈልገው ጥቂት ነው። ሰው አለ ወይ? ወለሉ ይችለኛል ወይ? የጋዝ ሲሊንደር አለ ወይ፣ ስንት? ይሄን ከነገረችኝ በር ላይ ቆሜ የምወስነው ይለያል። የፓሪሶቹ በፈረንጅ 2019 የኖትር ዳም ቤተ ክርስቲያን ሲቃጠል ኮሎሰስ የሚሉትን 500 ኪሎ የሚመዝን ሮቦት አስገብተው ውሃ ሲረጩ ነበር፣ ጣሪያው ሰው ላይ እንዳይወርድ ሰራተኞቹን አስወጥተው። ያ በርቀት መቆጣጠሪያ የሚሄድ ነው እንጂ አይናገርም። ግን ሰው መግባት የሌለበት ቦታ ገብቶ ሰርቷል። መጀመሪያ ይሄ ይምጣልን፣ ንግግሩ በላዩ ይጨመርበት።

ሐምራዊ ሽቦ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የጎኖቹ ነገር በጣም ነው የጠቀመኝ። «ደረቅ ወንዝ»ም አመሰግናለሁ።

ትናንት ማታ ጄኔሬተር አጠገብ ሞክረነው ነበር። «ወደ ውስጥ አትግቢ» ስንላት ጽሑፉ ላይ «ወደ ውስጥ ግቢ» ብሎ ወጣ። በዚህ ደንግጬ ነው ያደርኩት። ከኢንተርኔት ውጭ የሚሰራ የአማርኛ ድምፅ መለያ የሰራ ወይም የሞከረ ሰው አለ?

ፊደል ቆጣሪ (ሜሪላንድ)

እኔ የድምፅ ቴክኖሎጂ ላይ ነው የምሰራው፣ ከአማርኛም ጋር ብዙ ታግያለሁ።

የገጠመሽ ነገር የሚጠበቅ ነው። በአማርኛ ግሥ ላይ አሉታው ያለው መነሻው ላይ ባለች አጭር ድምፅ ነው። ያቺን ፓምፕ ወይም ትንፋሽ ከዋጣት ትእዛዙ ይገለበጣል። ስለዚህ ክልከላን በግሥ ላይ አትተዉት። ለክልከላ ራሱን የቻለ፣ ረዘም ያለ፣ ከሌላው ጋር የማይመሳሰል ቃል ምረጡ። «ክልክል» ጥሩ ነው። «ክልክል፣ ሦስተኛ ክፍል» ሲባል ክፍሉ ካርታው ላይ ይዘጋል። ሰራተኛው እንዲህ ለማለት ሰፊ ሥልጠና አያስፈልገውም።

ስለ መሳሪያዎቹ። ዊስፐር የሚባለው የኦፕንኤአይ ድምፅ መለያ ከ2022 ጀምሮ አለ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)፣ አማርኛም ዝርዝሩ ውስጥ ነው፣ ነገር ግን ውጤቱ ደካማ ከሆነባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ኤምኤምኤስ የሚባለው የሜታ የድምፅ ሞዴል በ2023 ከ1,100 በላይ ቋንቋዎች ይዞ ወጥቷል፣ አማርኛም አለበት፣ እሱን በራሳችሁ ድምፅ ማሠልጠን ትችላላችሁ። በነፃ የሚገኘውና ብዙ ሰው የጀመረበት የአማርኛ ድምፅ ስብስብ ከ2005 ጀምሮ ያለው ነው፣ 20 ሰዓት ያህል፣ በጸጥታ የተነበበ ጽሑፍ። በጸጥታ የተነበበ ላይ የሠለጠነ ሞዴል ጭንብል ውስጥ የሚጮህ ሰው ሲሰማ ግራ ይገባዋል። አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ዊስፐር ማንም ያላለውን ዓረፍተ ነገር ራሱ ይፈጥራል። በ2024 የታተመ ጥናት በእንግሊዝኛ ቅጂዎች ላይ ሞክሮ ወደ 1 በመቶ በሚሆኑት ላይ ይሄን አይቷል፣ በተለይ ረጅም ዝምታ ባለባቸው። ስብሰባ ለመገልበጥ 1 በመቶ ምንም አይደለም። ፍርስራሽ ውስጥ ላለች ሮቦት ግን ማንም ያላዘዘው ትእዛዝ ነው።

ስለዚህ የእኔ ምክር ጠባብ ሁኑ ነው። ሁሉንም አማርኛ የሚሰማ ነገር አትፈልጉ። ጋሼ ከላይ የዘረዘሩት ስራ በጥቂት መቶ ዓረፍተ ነገር ያልቃል። ቦታ፣ ድርጊት፣ የሚፈለገው ነገር፣ ክልከላ፣ ቁጥር። በዚያ ላይ ብቻ የሚሰራ መለያ ትንሽ መሳሪያ ላይ ይሄዳል፣ እርግጠኛ ያልሆነበትንም ማወቅ ይችላል። እርግጠኛ ካልሆነች ትጠይቅ። «ሁለተኛ ጎን ነው ሦስተኛ?» ትበል። ገምታ ከምትሄድ ጠይቃ ብትዘገይ በጣም ይሻላል።

ዓረፍተ ነገሮቹን ግን ቢሮ ቁጭ ብላችሁ አትጻፏቸው። የአሜሪካ ጦር ምርምር ላብራቶሪና ደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አብረው የሰሩት ስራ አለ፣ ስካውት ይባላል። ሰውዬው ሌላ ክፍል ሆኖ በንግግር ሮቦቷን ያዛል። የሚያየው ካርታና ሲጠይቅ የሚላክለትን ፎቶ ብቻ ነው፣ ቀጥታ ቪዲዮ የለውም። የሚመልስለት ሮቦቷ ይመስለዋል። በስተጀርባ ግን ሁለት ሰዎች አሉ፣ አንዱ መልሱን ይጽፋል፣ አንዱ ሮቦቷን ይነዳል። እንዲህ እያሉ 278 ንግግሮች ሰብስበዋል። ከዚያ ነው ሰው በተፈጥሮው ሮቦትን እንዴት እንደሚያዝ ያዩት። እናንተም እንደ ጋሼ ያሉ ሰዎችን ለምኑ፣ የፈረሰ ወይም ያልተጠናቀቀ ሕንፃ ፈልጉ፣ አንቺ ተደብቀሽ ሮቦቷን ንጂ፣ እነሱ ያውሩ። ከነጭንብላቸው፣ ከነፓምፑ። በዚህ የምታገኙት ቅጂ ለእናንተ ስራ ከየትኛውም ትልቅ ስብስብ ይበልጣል።

የወላይታ ነርስ (አርባ ምንጭ)

ሁላችሁም የምታወሩት ስለሚያዛት ሰው ነው። ውስጥ ስላለው ሰውስ?

ጎፋን ያነሳሽው አንቺ ነሽ እህቴ፣ ስለዚህ ልንገርሽ። ገዜ ጎፋ ገጠር ውስጥ አያት ወይም ትንሽ ልጅ አፈር ቢጫናቸው በአማርኛ «አሉ?» ብትያቸው መልስ ላታገኚ ትችያለሽ። ቋንቋቸው ጎፋኛ ነው። አዲስ አበባም ቢሆን ግንባታ ላይ ስካፎልድ ሲወድቅ ከስር ያለው ልጅ ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከሐዲያ የመጣ ሊሆን ይችላል። አማርኛ ቢችል እንኳ እየታመመ፣ እየፈራ፣ ጨለማ ውስጥ የእናቱን ቋንቋ ሲሰማ ሌላ ነው። እኔ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሁሌ የማየው ነገር ነው፣ በቋንቋው ስታናግሪው መተንፈሱ ራሱ ይለወጣል።

ለዚህ ደግሞ ትልቅ ሞዴል አያስፈልግም። የሰው ድምፅ ቅዱ። ከየቋንቋው አንድ ሴትና አንድ ወንድ፣ ረጋ ባለ ድምፅ። «ሰምተናል፣ የት እንዳለህ አውቀናል። ብቻህን ነህ? ምን ተጭኖሃል? ከመቼ ጀምሮ?» መናገር የማይችል ሰው በማንኳኳት ይመልስ፣ አዎ ከሆነ አንዴ፣ አይደለም ከሆነ ሁለቴ። ያ በማንኛውም ቋንቋ ይሰራል፣ አቧራ የዋጠ ጉሮሮም አያስቸግርም።

«ከመቼ ጀምሮ» የሚለውን እንዳታስቀሩ። እግሩ ወይም ክንዱ ለሰዓታት የተጫነ ሰው ድንጋዩ ድንገት ሲነሳለት የተጎዳው ጡንቻ ያጠራቀመው ፖታሲየም ወደ ልብ ይሄዳል፣ ሲያወራ የነበረ ሰው ከወጣ በኋላ ሊሞት ይችላል። ሐኪሙ ይሄን አስቀድሞ ካወቀ ሳይነሳለት በፊት ፈሳሽ መስጠት ይጀምራል። ስለዚህ ሮቦቷ የምታመጣው ይሄ አንድ መልስ ራሱ ነፍስ ያድናል።

አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ሮቦቷ የማታውቀውን ተስፋ አትስጥ። «አሁን እናወጣሃለን» አትበል። ሰው ተጭኖት ሰዓት እየቆጠረ ነው ያለው። «ሰዎች እየቆፈሩ ነው፣ እኔ እዚህ ነኝ፣ አልሄድም» ትበል። አልሄድም ካለች ደግሞ አትሂድ።

ደረቅ ወንዝ

የነርሷን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ትክክል ነች። ሮቢን መርፊ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ አለች፣ በ2001 ኒው ዮርክ ላይ መንትዮቹ ሕንፃዎች ሲወድቁ ሮቦቶች ፍርስራሹ ውስጥ ሲገቡ ከነበሩት ሰዎች አንዷ ናት። እሷም በኋላ ከስታንፎርድ ሰዎች ጋር ሆና ፍርስራሽ ስር ካለ ሰው ጋር የሚያወራ የሮቦት ጭንቅላት ሰርታለች፣ ሰርቫይቨር በዲ ይባላል። ምክንያቷ ነርሷ ያለችው ነው፣ ሰውዬው ከተገኘ በኋላ እስኪወጣ ብዙ ሰዓት ብቻውን ይቆያል።

በዚህ ላይ የምጨምረው አንድ ቴክኒካል ነገር ነው። ሞተሩ እየሰራ ማንኳኳት አይሰማም። ጥያቄ ከጠየቀች በኋላ ሞተሩን፣ ማራገቢያውን፣ ሊዳሩን ሳይቀር አጥፍታ ታዳምጥ። መሬት መንቀጥቀጥ ላይ ነፍስ አድኖች ሁሉንም ሰው ጸጥ አሰኝተው ያዳምጡ የለ? እሷም ትማር።

ስለ ቋንቋ ሞዴሉ ደግሞ፣ ሙሉ በሙሉ ጣሉት አላልኩም። ጉግል በ2022 ሴይካን የሚባል ነገር አሳይቷል። ሞዴሉ ሮቦቱ ከሚችላቸው ስራዎች ዝርዝር ውስጥ ለጥያቄው የሚስማማውን ይመዝናል፣ ሌላ ክፍል ደግሞ «አሁን እዚህ ሆኜ ይሄን ማድረግ እችላለሁ ወይ» የሚለውን ይመዝናል፣ ሁለቱ ተባዝተው ነው የሚወሰነው። 84 በመቶ ትክክለኛውን ቅደም ተከተል መርጧል፣ 74 በመቶውን ደግሞ ፈጽሟል። ያ ግን የቢሮ ኩሽና ነው። ጠረጴዛው ጠረጴዛ፣ ጣሳው ጣሳ ነው። ከዚያ ከ50 ዓመት በፊት ቴሪ ዊኖግራድ ኤምአይቲ ውስጥ የሰራው ሽርድሉ የተባለ ፕሮግራምም በተራ እንግሊዝኛ ታዝዞ ይግባባ ነበር፣ ዓለሙ ኮምፒውተር ውስጥ ያሉ ባለቀለም ኩቦች ብቻ ስለነበሩ። ሕንፃ ሲፈርስ በሩ ወለል ላይ ተኝቷል፣ ደረጃው ግማሹ የለም፣ «ከበሩ ኋላ» የሚባል ቦታ የለም። ስለዚህ ሐሳቡን ውሰዱ፣ ሞዴሉ ከዝርዝር ውስጥ ብቻ ይምረጥ፣ አዲስ እንቅስቃሴ አይፍጠር። ዝርዝሩ ውስጥ «አልችልም» እና «አልገባኝም» ይኑሩ። «በሩን አላገኘሁትም፣ ያየሁትን ፎቶ ልኬያለሁ፣ ጠቁመኝ» ማለት ከቻለች ሰውዬው ፎቶው ላይ ጣቱን ያሳርፋል፣ አለቀ። ንግግር ብቻውን አይበቃም፣ ጣትም ይጨመርበት።

ሐምራዊ ሽቦ

ሁላችሁንም እንዴት እንደማመሰግን አላውቅም። ከጓደኞቼ ጋር ቁጭ ብለን ተነጋግረን ወስነናል። ኢንተርኔቱ ይወጣል። አማርኛው ጠባብ ይሆናል፣ ጎኖቹ በቁጥር፣ ክልከላው በራሱ ቃል፣ «ቁሚ» ለብቻው። ተጭኖ ላለ ሰው የሚሆነውን ደግሞ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በወላይትኛና በጎፋኛ በሰው ድምፅ እንቀዳለን። ነርሷ፣ ወላይትኛውን ብትቀጂልን ደስ ይለናል፣ በውስጥ መስመር እጽፍልሻለሁ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ ለጋሼ ነው። እዚያ ቦታ ብዙ ሰው ነው የሚያዘው። አለቃው አለ፣ ፖሊሱ አለ፣ የቤቱ ባለቤት አለ። ሮቦቷ የማንን ትስማ?

የሌሊት ፈረቃ

የአንድ ሰው። ቦታው ላይ የሚያዝ አለቃ አለ፣ እሱ ወይም እሱ የወከለው። ማዘዣው በእሱ ሬዲዮ ብቻ ይሁን። አለቃ ሲቀየር ሮቦቷ ይነገራት፣ እሷም ደግማ ትናገር። «ቁሚ» ግን የማንም ይሁን። ማንም ሰራተኛ አደጋ አይቶ ቁሚ ካለ ትቁም፣ እኛም እንደዚያ ነን።

የባለቤቱን ግን እንዳትጥሉት። ያለቅሳል፣ ይጮሃል፣ ይሳደባል፣ ግን ቤቱን የሚያውቀው እሱ ነው። «እናቴ ከኋላ ኩሽና ውስጥ ናት፣ መስማት ይከብዳታል» ብሎ ይጮሃል፣ እኛ ደግሞ ቱቦ ስንጎትት አንሰማውም። ሮቦቷ በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ እሱን የሚሰማ ማይክ ይኑራት። በእሱ ቃል አትንቀሳቀስ፣ የተናገረውን ግን ለአለቃው በአጭሩ ታስተላልፍ። «ባለቤቱ፦ አንዲት ሴት፣ ከኋላ፣ ኩሽና፣ አትሰማም።» ይሄን በሬዲዮ ከሰማሁ ወዴት እንደምልካት አውቃለሁ። ስትገባ ደግሞ በስፒከር መጣራት ብቻ እንደማይበቃ፣ መብራትም ማብራት እንዳለባት አውቃለሁ።

የምትሞክሩበትን ቀን ንገሩኝ ልጄ። ከፈረቃ ውጭ ከሆንኩ ጭንብሌን ይዤ እመጣለሁ።